ንባብ ያለ ትርጓሜ፦ ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ በሐዋሳ ከተማ ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን፤ እንዲሁም ልጆቻቸውን ወደ ባሕር ማዶ ኮሌጅ ለመስደድ ለሚዘጋጁ ወላጆች

ጉዳዩ፦ በተማሪው የውጤት ወረቀት ላይ ትርጓሜ እንዲጨመርበት ስለ መለመን

ክቡራን ሆይ፣

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህች በሐዋሳ ከተማ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ጠመኔዬን ካስቀመጥሁ በኋላም የተማሪ እግር ከደጄ ስላልተቋረጠ፣ በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲጠባ፣ የታቦርም ተራራ ገና ልምላሜውን ሳይለቅ፣ ያስተማርኋቸው ሰዎች ልጆች ወረቀታቸውን በላስቲክ ክላሰር እየያዙ ወደ በረንዳዬ ይመጣሉ። ቀድሞ ይመጡ የነበረው ያልገባቸውን ቀመር ሊጠይቁ ነበር፤ አሁን የሚያመጡት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ባሕር ማዶ ካሉት፣ ተማሪን መርጠውና አንጥረው ከሚቀበሉት ኮሌጆች ለአንዱ ሲያመለክቱ፣ በእጃቸው ካሉት የፈተና ውጤቶች የትኛውን ልከው የትኛውን ይተዉ ዘንድ እንደሚገባቸው ምክር ይሻሉ። እኔም ነገሩን ብዙ ጊዜ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ፣ የመልሱ እኩሌታ በእናንተ መሥሪያ ቤት እጅ እንዳለ ስለ ተረዳሁ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። የምጽፈው ልመና ነው፤ ክስ የሚሻ አንባቢ ቢኖር እዚህ አያገኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የመጣችው ልጅ አባት በመናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት እርሱንም አስተምሬዋለሁ፤ ሒሳብ አይሆንለትም ነበር፤ ዛሬ ግን የሱቁን ሒሳብ ያለ ወረቀት በቃሉ ይይዛል። ቡናው ቶናው ላይ እንደ ደረሰ ልጅቱ አራት ወረቀቶች በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አንደኛው ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕቷ ሲሆን አማካዩ 95 ነው። ሁለተኛው በ2017 ዓ.ም. የተፈተነችው የብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው፤ እንግሊዝኛ 68፣ ሒሳብ 71፣ አፕቲትዩድ 74፣ ፊዚክስ 47፣ ኬሚስትሪ 52፣ ባዮሎጂ 54፣ ድምሩ ከ600 366፣ ይኸውም ከመቶ 61 መሆኑ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው አሜሪካኖች ኤስ.ኤ.ቲ. የሚሉት ፈተና ውጤቶች ናቸው፤ ለዚህ ፈተና ሁለት ጊዜ 275 ኪሎ ሜትር መንገድ በሚኒባስ ተጉዛ፣ አዲስ አበባ አክስቷ ቤት አድራ፣ ክፍያውንም ከመቶ ዶላር በላይ ውጭ አገር ያለ አጎቷ በካርዱ ከፍሎላት ተፈትናለች፤ መጀመሪያ 1180፣ ኋላም 1290 አገኘች። አባትየው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካያቸው በኋላ፣ ያችን ስድሳ አንድ የተጻፈባትን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ከሌሎቹ ለየና፣ «ጋሼ፣ ይቺን እንዳላየናት ብናደርጋትስ?» አለኝ። ልጅቱ ዝም ብላ ሲኒዋን በማስቀመጫው ላይ ታዞራለች።

በአባትየው አልፈርድበትም። በእርሱ ቤት፣ እንደ ማናችንም ቤት፣ ቁጥር የሚመዘነው በሪፖርት ካርድ ልማድ ነው፤ ከዘጠና በላይ ያመጣ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ይገባል፤ ስድሳ አንድ ያመጣ ግን ካርዱን እናቱ ዘንድ አስፈርሞ ከአባቱ ዐይን ይሰውራል። ይህን ወረቀት አሜሪካ ተቀምጦ የሚመረምረው ሰውም ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለም፤ በብዙው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከመቶ ስድሳ አንድ ማለት ዲ የሚባለው፣ ከመውደቅ በጥቂቱ የተረፈ ውጤት ነውና፣ ስለ አገራችን ፈተና አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ከሌለ ወረቀቷን ሲያይ «ይህች ልጅ በትምህርት ቤቷ 95 ስታገኝ ኖራ በመንግሥት ፈተና ፊት ለምን ወደቀች?» ብሎ ቢያስብ ኃጢአት አይሆንበትም።

ነገር ግን በዚያው በ2017 ዓ.ም. ለፈተና የተቀመጡት ተማሪዎች 585,882 ሲሆኑ፣ ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 48,929፣ ከመቶ 8.4 ብቻ ናቸው። እንግዲህ አባቷ በሁለት ጣቱ የገፋት ወረቀት ከመቶ ተፈታኝ ቢያንስ ዘጠና አንዱን ወደ ኋላ የተወች ወረቀት ናት ማለት ነው። ወደ ኋላ ሲሄዱ ደግሞ በሩ ይበልጥ እየጠበበ ይገኛል፤ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፣ ማለት ከ2014 ዓ.ም. 896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሹን ያለፉት 29,909፣ ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፣ ከመቶ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ ከመቶ 5.4። እነዚህን ቁጥሮች ያወጣችሁት እናንተው ስለሆናችሁ ለእናንተ አዲስ ነገር አልነገርኋችሁም። የኔ አቤቱታ ሁሉ ቁጥሮቹ በጋዜጣ ላይ ተነግረው በተማሪው ወረቀት ላይ አብረው ሳይጓዙ መቅረታቸው ነው።

በነገራችን ላይ፣ እኔ የፈተናውን ጥብቅነት ከሚደግፉት ወገን መሆኔ ይታወቅልኝ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ተዘርግቶ በመገኘቱ አገር አቀፉ ፈተና በሙሉ ተቋርጦ፣ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ እንደገና ሲሰጥ፣ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ልጅና ሌሊቱን ስልኩ ላይ መልስ ሲለቅም ያደረ ልጅ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው እንዴት ይተያዩ እንደነበረ አይቻለሁ። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው በአውቶቡስ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን ተፈታኞች በመንገድ ዳር ቆሜ ስመለከት፣ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ ከእናታቸው ተለይተው፣ አንዳንዱም የሚያለቅስ፣ ልቤ ቢያዝንም አእምሮዬ ግን ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም የታመነ ነው። የታመነ ምስክር ደግሞ ቃሉ ሲያጥር ይጎዳል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ወደ እኔ የመጣው ልጅ ታሪክ ይህን ሳያስረዳ አይቀርም። እርሱ የመጣው ማመልከቻውን ከላከ በኋላ፣ የምስጋና ቡና ሊጠጣ ነበር። በ2015ቱ ፈተና ያገኘው ከመቶ 57 ነው፤ ማመልከቻው ላይ ግን የአገሩን ፈተና ውጤት የሚጠይቀውን ክፍል ባዶውን ትቶ፣ 96 የሚለውን ትራንስክሪፕት ብቻ ልኳል። «ለምን ተውኸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አሳፈረኝ፣ ጋሼ» አለ። ከ845,188 ሰው መካከል ከ27,267ቱ አንዱ የሆነ ልጅ፣ ከመቶ ዘጠና ስድስቱን ቀድሞ የሮጠ ልጅ፣ አፈረ! ያ ኮሌጅ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱን አልጻፉለትምና ውጤቱን ስለተወ ነው ብዬ አልምልም፤ ከሚያመለክተው ብዛት የተነሣ እጅግ ብዙዎቹን ያለ ምንም ጉድለታቸው የሚመልሱ ቤቶች ናቸው። ነገር ግን መርማሪው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ምን እንዳነበበ ሳስብ እስከ ዛሬ አዝናለሁ፤ ባዶ ቦታም ይነበባልና።

የአሜሪካኖቹን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ኮሌጆቹ እንደ ገዳማት ናቸው፤ ሃይማኖታቸው አንድ ሲሆን ሥርዓታቸው ግን እንደየቤታቸው ይለያያል። ቦውደን የሚባለው ኮሌጅ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈተና ውጤት መላክን ለአመልካቹ ፈቃድ ትቶታል፤ የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜም አብዛኞቹ ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። ኋላ ግን የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2022፣ ዳርትመዝና ሃርቫርድ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ ቀድሞው ሥርዓት ተመልሰው ውጤት የግድ ይቅረብ አሉ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ለመግቢያ ቢላክለትም አይመለከተውም። ፈተናውን ደጋግሞ የወሰደ ሰው የተሻለውን መርጦ እንዲልክ ባለቤቶቹ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅደዋል፤ ይሁንና እንደ ጆርጅታውን ያሉት ቤቶች «የተፈተንኸውን ሁሉ አምጣ» ይላሉ። ከዚህ የተነሣ አንዲት ልጅ ለስምንት ኮሌጅ ብታመለክት ስምንት ሕግ ማንበብ ግድ ይሆንባታል፤ ይህንም የምታነበው መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ በሞባይል ዳታ፣ በስልክ መስኮት ላይ ነው።

ዳርትመዝ ወደ ፈተናው የተመለሰበት ምክንያት ለእኛ ነገር እጅግ የቀረበ ስለሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። የኮሌጁ መምህራን መዝገባቸውን መርምረው ያገኙት፣ ከድኻ ቤትና ከደካማ ትምህርት ቤት የመጡ ብዙ አመልካቾች ቢልኩት ኖሮ የሚጠቅማቸውን ውጤት «አነስተኛ ነው» ብለው በገዛ እጃቸው ይሸሽጉት እንደነበረ ነው። ኮሌጁ የልጁን ቁጥር የሚመዝነው ከአደገበት ስፍራ ጋር አያይዞ ኖሮ፣ በሀብታም ሰፈር የማይገርመው ውጤት በድኻ ሰፈር ሲገኝ ያስደንቀዋል፤ ድኻው ግን ይህን አያውቅምና ራሱን በሀብታሙ ሚዛን መዝኖ ይቀራል። የሃምሳ ሰባቱ ልጅ ያደረገው ከዚህ በምን ይለያል? እርሱ እንኳ ከሌላ ሰፈር ጋር ሳይሆን ከራሱ ሪፖርት ካርድ ጋር ነበር የተመዛዘነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ካልተናዘዝሁ ምክሬ ሙሉ አይሆንም። እኔ ማትሪክ የተፈተንሁት በ1974 ዓ.ም. በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሲሆን፣ በጂኦግራፊ ያገኘሁት ዲ ነበር። የዓለምን ዋና ዋና ወንዞች ከነገባሮቻቸው ስጽፍ ናይልንና ኮንጎን አዛንቄ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ነጥባችን የሚሰላው ከፍ ካሉት አምስት ትምህርቶች ስለነበረ ያ ዲ ከወረቀቱ ሳይፋቅ ከሒሳቡ ውጭ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እንግዲህ ከውጤት መካከል መምረጥ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የራሳችን መንግሥት ሲመርጥልን ኖሯል። በ2011 ዓ.ም.ም የአንዳንዱ ትምህርት ውጤት ከልማዱ እጅግ ከፍ ብሎ በመገኘቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባው በአራት ትምህርቶች ውጤት ብቻ እንዲሠራ ተወስኖ፣ አገሩ ሁሉ ስለ እነዚያ አራት ትምህርቶች ሲከራከር ከረመ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመርጠው ደንቡን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ነበር፣ ዛሬ የሚመርጠው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጆቹ በሚጠይቁኝ ጊዜ የምመልሰው እንዲህ ነው። ኮሌጁ «ከፈቀድህ ላክ፣ ካልፈቀድህ ተው» ብሎ በግልጽ ከጻፈ፣ መተው ሐሰት አይደለም፤ 1180ን ትቶ 1290ን መላክ በሕሊና ፊት የሚያስጠይቅ ነገር የለውም፤ ባለቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶ ሳለ በመስኮት ገባህ ተብሎ ማንም አይከሰስም። ኮሌጁ «ሁሉን አቅርብ» ካለ ግን፣ ከሁሉ አንዲቱን ማስቀረት ያው ሐሰተኛ ምስክርነት ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። አባትየው ያነሣት ስድሳ አንድ በሁለቱ መካከል የወደቀች ናት፤ ልጅቱ የመረጠችው ኮሌጅ የአመልካቹን አገር ብሔራዊ ፈተና ውጤት «ካለ» ይላልና፣ አለ ወይስ የለም? አለ። እንግዲያስ ይላካል።

ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ ግልባጩን ለእናንተ ያደረግሁት በሚከተለው ነገር ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት ለማውጣት ከአንድ ወላጅ ጋር ሄጄ ሳለ፣ መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሰው፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ ለልጁ አዝኖለት፣ የአሥረኛ ክፍሉን ፊዚክስ በብዕሩ ጫፍ እያመለከተ «ይቺን ትንሽ እናሳድጋት?» አለን። ብዕሩ ሰማያዊ ነበር፤ ክዳኑ ታኝኮ ታኝኮ አልቋል። እኛ እምቢ ብለን ወጣን፤ ግን ስንቱ እሺ ብሎ ወጥቶ ይሆን? በርኅራኄ የምትጨመር ያች አምስት ነጥብ ምን እንደምታደርግ አስቡ። በ2015ቱ ፈተና ከመቶ ሃምሳ ያለፈ አንድም ተማሪ ያላገኙት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ፤ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ ዘጠናና ከዚያ በላይ የተጻፈለት ልጅ አልነበረም ብሎ የሚያምን ይኖራል? መርማሪውን የሚያስደነግጠው የስድሳ አንድ ትንሽነት አይደለም፤ በዘጠና አምስትና በስድሳ አንድ መካከል ያለው ገደል ነው፤ ገደሉን ደግሞ የምታሰፉት እናንተ ናችሁ፤ የሚወድቅበት ግን ልጁ ነው። ደረጃውን ጻፉለት፤ «ከ212 ተማሪዎች 3ኛ» የምትል አንዲት መስመር ከዘጠና አምስት ትበልጣለች፤ ልትጻፍም ምንም ወጪ አትጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልመና ልመለስ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የሚማር ሰው ዕድሜውን ሲማር ኖሮ መጨረሻ ላይ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ አስመሰከረ የተባለ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የት እንዳስመሰከረ የሰማ ሁሉ ምን ያህል እንደሚያውቅ ሳይጠይቅ ይረዳው ነበር፤ የቦታው ስም ለውጤቱ ትርጓሜ ሆኖ አብሮት ይጓዛልና። የዛሬውንም ወረቀት ምስክር ወረቀት ያልነው ከዚያው ቃል ነው። ነገር ግን ዛሬ የሐዋሳ ልጅ ምስክሩን ይዞ የሚሄደው የቦታውን ስም ሰምቶ ወደማያውቅ አገር ነው። በእጄ ባየኋቸው ወረቀቶች ላይ የትምህርቱ ስምና ቁጥሩ ጥርት ብሎ ተጽፏል፤ ይህም ንባቡ ነው። ትርጓሜው፣ ማለት በዚያ ዓመት ስንት ሰው እንደተፈተነ፣ ስንቱ ግማሹን እንዳለፈ፣ የዚህች ልጅም ስፍራ ከመቶ የት እንደሆነ፣ አላገኘሁም። የኤስ.ኤ.ቲ.ው ወረቀት በአንጻሩ ከቁጥሩ አጠገብ ልጁ ከመቶ ተፈታኝ ስንቱን እንደበለጠ ያመለክታል፤ በዚህ ምክንያት 1290 ያለ ተርጓሚ ይናገራል። ሕዝቡ ግብሩን ከፍሎ፣ የመንግሥት አውቶቡስ ተነሥቶ፣ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ልጅ የተፈተነበት የእኛው ግን አስተርጓሚ ይሻል፤ ከመቶ ዶላር በላይ የሚከፍልለት አጎት የሌለው ልጅ ደግሞ ያለው ምስክር እርሱ ብቻ ነው።

የምለምነው ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው የዓመቱን ተፈታኝ ብዛትና ግማሹን ያለፉትን ቁጥር የሚገልጽ፤ ሁለተኛው የተፈታኙን ስፍራ ከመቶ የሚያሳይ፤ ሦስተኛው ደግሞ ለብዙ ሰው የሚያስቅ ለእኔ ግን ያላሳቀኝ ነገር ነው። እኛ አፕቲትዩድ የምንለውን ፈተና ልጆቻችን «ሳት» ብለው ይጠሩታል፤ አሜሪካኖቹም የራሳቸውን በዚሁ ስም ይጠራሉ። አንዲት ሌላ ልጅ ከወር በፊት በስልኳ ፎርም ስትሞላ «የኤስ.ኤ.ቲ. ውጤት» በሚለው ቦታ ላይ 74 ብላ ብትጽፍ ፎርሙ አልቀበልም አላት፤ የሚቀበለው ከ400 እስከ 1600 ያለውን ብቻ ነው። እርሷ የፎርሙ ብልሽት መስሏት ሦስት ቀን ሙሉ 74ን ደጋግማ ስትጽፍ ሰነበተች። ስለዚህ ሦስተኛው መስመር «ይህ የኢትዮጵያ አፕቲትዩድ ፈተና ከመቶ የሚታረም ሲሆን ከአሜሪካው ኤስ.ኤ.ቲ. ልዩ ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ የሚናገር ይሁን።

ይህን ለማድረግ አዲስ ጥናትም አዲስ በጀትም የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ቁጥሮቹ በእናንተ ኮምፒዩተር ውስጥ አሉ፤ የአንዱን ተፈታኝ ስፍራ ከሌላው ጋር ማስላት ለእኔ ለጡረተኛው እንኳ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። «ደረጃ ቢጻፍ ልጆቹን ያፎካክራል፣ ዝቅ ያለውንም ያሳፍራል» የሚል መቃወሚያ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከፊሉም እውነት አለው። ለዚህ ሲባል መስመሮቹ ለጠየቀ ብቻ በልዩ ወረቀት ቢሰጡ አልቃወምም። ዛሬ ግን ልጆቹ በማያውቁት ነገር እያፈሩ ናቸው፤ ይህኛው እፍረት ከዚያኛው ይብሳል። ጉዳዩም የባሕር ማዶ ተመኚዎች ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ከጀመረ ወዲህ በአገራችንም መርጦ መቀበል ተጀምሯልና፣ ነገ ልጆቻችን አንዱን ውጤት ከሌላው አጠገብ አድርገው የሚያቀርቡበት ዘመን በደጅ ነው።

ስለ ጊዜውም አንድ ቃል ልበል፤ በዚህስ ምስጋና ይገባችኋል። የ2014 ተፈታኞች ውጤት የወጣው በጥር 2015 ሲሆን፣ የብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች በር በታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚዘጋ፣ በዚያ ዓመት ልጁ ይላክ ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄ እንኳ አልደረሰበትም ነበር። ያለፈው ዓመት ተፈታኞች ውጤት ግን በመስከረም ስለ ወጣ ጥያቄው በጊዜው ደርሷል፤ አሁን የጎደለው ትርጓሜው ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ አባትየው ሱቁን ሊዘጋ ከሄደ በኋላ፣ ልጅቱ ያችን የተገፋች ወረቀት መልሳ ከሌሎቹ ጋር በክላሰሯ ውስጥ አስገባቻት። የምትልከው ትራንስክሪፕቷን፣ 366ቷን ከነፊዚክሷ 47 ጋርና 1290ን ነው፤ የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ጥቅምት 22፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 23 ነው። 585,882፣ 48,929፣ ከመቶ 8.4 የሚሉትን ቁጥሮች የያዘች አንዲት ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፌላት፣ «የቀድሞ የሒሳብ መምህር» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ማኅተም ግን የለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር
ሐዋሳ